በሽታዬን ይዤ ወደ ሎጊያ

ጎረቤቶቼ ስለ አፋር አገር ንገሪን እያሉ ብዙ ጊዜ ለምነውኛል። ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና፣ ምድጃ ዙሪያ ስንሰበሰብ፣ «እስኪ ያን የሙቀት አገር አውሪን፣ በወሬው እንኳ እንሙቅ» ይሉኛል። እኔም ስለ ግመሉና ስለ ንዳዱ ጥቂት እነግራቸውና ዝም እላለሁ። ያን ጊዜ ያልነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ወደዚያ የወረድኩት አገር ለማየት አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ በላይነሽ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ባልትና አስተምራለሁ። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ልጅ አልወለድንም። የወር አበባዬ ከቆመ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ቀን ደም ታየኝ። ትንሽ ነበረ። ነገ ያቆማል እያልኩ አራት ወር አሳለፍኩ። በመጨረሻ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ቀሚሴ ሲበላሽ ፈራሁና አዲስ አበባ ወርጄ ተመረመርኩ።

ሐኪሙ ሽበት የጣለበት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ወይዘሮ በላይነሽ፣ የማህፀን ነቀርሳ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ግማሹን አልሰማሁትም። የሰማሁት ማህፀኔ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት፣ የተቀጠርኩትም ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደሆነ ነው። «ከቤተሰብ የሚፈርምና የሚያስታምም ያስፈልጋል። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎችም ይዘው ይምጡ። ማን አለዎት?» ሲለኝ፣ አፌ ሳያማክረኝ «እህት አለችኝ» አለ።

እህቴ ዘነበች ሎጊያ በሚባል የአፋር ከተማ በጤና ረዳትነት ትሠራለች። ከተነጋገርን ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር።

ሰኞ፦ ከአዲስ አበባ አዋሽ ሰባት ኪሎ

በዚያ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ሰው ከአገሩ ርቆ አይሄድም። ቀበሌ ስሄድ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የተማሪዎቼ እናቶች ሳይቀሩ ስኳር ለመውሰድ ተሰልፈዋል። ሊቀ መንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ። ለእነዚያ ሁሉ ጆሮዎች ማህፀኔን መጥራት አልሆነልኝም። «እህቴ ታማ ነው» አልኩ። እንዲሁ ተጻፈልኝ።

ባቡሩ ከለገሃር በጠዋት ተነሣ። ጋቢዬን አራት አጥፌ በሥሬ አነጠፍኩ፤ ለምቾት አልነበረም። ከጎኔ የተቀመጠች የናዝሬት ሽንኩርት ነጋዴ ከረጢቶቿን እግሬ ሥር ደርድራ መነሳትም መዘርጋትም ከለከለችኝ። መንገዱ በወረደ ቁጥር ልብሴን ቀነስኩ። ሞጆ ላይ ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩ፣ ናዝሬት ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፣ መተሐራ ስንደርስ የሚወልቅ ጠፋ። በእኛ አገር ሰው ቀኑ በገፋ ቁጥር ይደርባል እንጂ አይቀንስም። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እንደ ከሰል የጠቆረ ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ ውሃ የተኛበት አገር ሳይ፣ እዚህ እርሻ የለም፣ ሰው ምን ይበላል ብዬ ተገረምኩ።

ግን ዓይኔ ቢያይም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እናታችን ስትሞት ዘነበች የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ሃያ ስድስት። ፀጉሯን እየሠራሁ፣ ደብተሯን እየገዛሁ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «እቴቴ» ነበር የምትለኝ። በዚያ የሽብር ዓመት ስሟ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ሰምታ ከምትሠራበት ሸሽታ መጣች። ሲመሻሽ በሬን አንኳኳች። «እቴቴ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አለች። አልከፈትኩም። በሩ ሥር ቆሜ «ዘነበች፣ ሂጂልኝ፣ ታስጨርሺናለሽ» አልኳት። በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ያዟት። ሁለት ዓመት ታሠረች። ስትፈታ ወደ አፋር ተመደበች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አዋሽ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከባቡር ስወርድ ሙቀቱ ምጣድ ሲከፈት እንደሚወጣ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ከጣቢያው ማዶ አንዲት የወሎ ሴት ሆቴል አላት፤ ስሟ ዘሃራ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ የምታስር። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየት አደረገችና «ሥጋው የእኛ ነው፣ ለአንቺ እንቁላል ጠብሼልሻለሁ» አለች። ሳልጠይቃት ማሰቧ ደስ አለኝ። በላሁና ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ አንሶላው ተበላሽቷል። ገፍፌ ተደብቄ ጓሮ ወጣሁ። ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ ሳሽ የዘሃራ ጥላ ወደቀብኝ።

«እንግዳ ሆነሽ ምን ሆነሽ ነው አንሶላ የምታጥቢው?»

«ሻይ ፈሰሰብኝ።»

«ሻይ እንዲህ አይቀላም» አለች። ቁጢጥ አለች። «የወር ነው?»

«አይደለም። እሱ ከቆመ አምስት ዓመቱ ነው።»

ጠጋ አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴም እንዲሁ ነበረች» አለች። «ሁለት ዓመት ደበቀችን። ጎረቤት እንዳይሰማ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዳ ጨርቋን ታጥብ ነበር። ደሴ ሐኪም ቤት ስናደርሳት፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት አሉን። እናቴን በሽታው ብቻ አይደለም የገደላት፤ እፍረቱም አግዞታል። አንቺስ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«በይ ለእኔ ንገሪኝ። አላህ እንደሆነ አውቆታል፤ እኔ ብሰማ ምን ይጨመርበታል?»

ነገርኳት። ቃሉን በገዛ አፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። ከንፈሯን አልመጠጠችም፣ አይዞሽም አላለችኝም። አንሶላውን ከእጄ ወስዳ ራሷ አጠበችው። ማታ ራት ላይ አንድ ያረጀ የባሏን ሽርጥ ቀድዳ በሰፊው አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ለስላሳ ነው፣ መንገድ ላይ ይሆንሻል። ነገ ይመር የሚባል ያገሬ ልጅ ወደ አሰብ ይወርዳል። በሎጊያ ነው የሚያልፈው። ከፊት ያስቀምጥሻል» አለችኝ።

ማክሰኞ፦ ከአዋሽ ሚሌ

ይመር አርባ የሚሆነው፣ ዝምተኛ ሹፌር ነው። ትልቅ ፊያት መኪና ከነተሳቢው ይነዳል። ሱብሂ ሰግዶ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ የራሱን ብርድ ልብስ አነጠፈልኝ። ዘሃራ ምን እንደነገረችው አላውቅም፤ ምንም አልጠየቀኝም።

ከአዋሽ ብዙ ሳንርቅ ኬላ ደረስን። አንድ ወታደር ይለፌን አንብቦ ቦርሳዬን ፈተሸ። ከሥር የሐኪሙን ወረቀት አገኘ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት። ወረቀቱን ገለበጠ፣ ዘቀዘቀ፣ «ይውረዱ» አለኝ። ይመር ሊያማልድ ሞከረ፤ «አንተን ማን ጠየቀህ?» ተባለ።

የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ አንድ መኮንን ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ሁለት ወታደሮችም በር ላይ ቆመዋል። መኮንኑ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ይለፍዎ ላይ እህቴ ታማ ይላል። ይሄኛው ላይ ያለው ስም ግን የእርስዎ ነው። ማን ነው የታመመው?»

በዚያ ዘመን በወረቀት ዋሽቶ መገኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስደው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

«እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነው ሕመሙ?»

በር ላይ የቆሙትን አየሁ። ልጆች ናቸው፤ ተማሪዎቼ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። «የማህፀን ነቀርሳ» አልኩ። ከፍ ብሎ ወጣብኝ። አንደኛው ወታደር መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ታዲያ ለምን ዋሹ?»

«ቀበሌው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። አፈርኩ። የቀረችኝ አንዲት እህት ናት፤ ሎጊያ ነው ያለችው። ሳይቆርጡኝ በፊት ላመጣት ነው።»

መኮንኑ ብዕሩን ያሽከረክራል። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ይጮኻል፤ ከእኛ ኋላ የቆሙት ተሰልፈዋል። ደሜ ሲወርድ ይሰማኛል። እዚሁ ብወድቅ ምን ይሉኛል ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል፤ ሞት አይደለም ያሳሰበኝ፣ ወለሉን ማበላሸቴ ነው። በመጨረሻ ይለፉን ገልብጦ በጀርባው ላይ «ለሕክምና ጉዳይ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። «ሌላም ኬላ አለ። ቢጠይቅዎት እውነቱን ይናገሩ» አለኝ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ግን ፊቴን አላየም።

መኪናው ላይ ስወጣ ይመር በሩን ከውስጥ ሳበልኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ሰዓት ነዳ።

ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሜዳ ነው። በግራችን ርቀው የሚታዩት ተራሮች የእኛን አገር ሰዎች ይዘው ደመና ውስጥ እንደተቀመጡ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን በእግር ቢሄዱ ብርድ አለ። እዚህ ግን ነፋሱ ራሱ ይፋጃል። ገዋኔን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ይመር ጎማ ሊቀይር ወረደ፤ እኔም እግሬን ላፍታታ ተከትዬው ወረድኩ። መሬት ስረግጥ ደሙ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ የዘሃራ ሽርጥም አልያዘውም።

መደበቂያ ዛፍ የለም፤ እሾህ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ይመር አየ። ፈጥኖ ከጭነቱ ላይ ሸራ ፈታ፣ ከመኪናው ጎን እንደ መጋረጃ አሠረው፣ ጀሪካን ውሃ አስቀመጠልኝ። ለመኪናው ራዲያተር የያዘው ውሃ ነው። «ይታጠቡ እትዬ፣ እኔ በወዲያ በኩል ነኝ» አለኝና ጀርባውን ሰጥቶ ጎማውን መምታት ጀመረ፤ ድምፁን እየሰማሁ በወዲያ በኩል መሆኑን እንዳውቅ።

ሸራው በነፋስ ተነሣ። እሱን ይዤ መታጠብ አቃተኝ። ከየት እንደመጣች ሳላያት አንዲት የአፋር ሴት የሸራውን ጫፍ ያዘችልኝ። ከፍየሎቿ ጋር ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯን በብዙ ቀጫጭን ሹሩባ የተሠራች። ጨርቁን አየችው፣ ፊቴን አየችው፣ እጇን በገዛ ሆዷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ቃል አላወራንም። እስክጨርስ ሸራውን በሁለት እጇ ወጥራ ቆመች። ስጨርስ ክንዴን ይዛ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችኝና በጭስ ከታጠነ ዕቃ ወተት ቀዳችልኝ። እኛም የወተት ዕቃ በወይራ እናጥናለን፤ ሽታው ቤቴን አስታወሰኝ። ግን የግመል ይሆን ብዬ ከንፈሬ ላይ አቆምኩት፤ ለእኛ ነውር ነው። ይመር ገባውና፣ «የፍየል ነው፣ አይዞዎት» አለኝ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠጣሁት።

ሚሌ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እዚያ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም፤ የጠፍር አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይደረድራል። በእኛ አገር ደጅ የሚያድር ሌባ ወይም እብድ ነው። ድካሙ ግን ነውሩን አስረሳኝ።

ረቡዕ፦ ከሚሌ ሎጊያ፣ ከሎጊያም ትንሽ ወዲያ

ሎጊያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረ የቆርቆሮና የሰሌን ከተማ ነበር፤ ሻይ ቤት፣ ጎማ ቤት፣ መኪና። ጤና ጣቢያው ስደርስ ዘበኛው፣ «ዘነበች ዛሬ ለክትባት ወጥታለች፤ በአሰብ መንገድ ነው፣ ከመንገዱ አይርቅም» አለኝ። ይመር ሰማና «በመንገዴ ነው፣ ይውጡ» አለኝ።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሰመራ የሚባል የክልል ከተማ ቆሟል፤ ፎቅ አለ፣ ቢሮ አለ ይሉኛል። ያን ጊዜ ያየሁት ግን ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ባዶ ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ቀፎ የተደፉ ጥቂት የሰሌን ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹ ፊት አንድ ሸራ፣ ከሸራው ሥር የተሰለፉ ሴቶችና ሕፃናት። ነጭ ጋውን የለበሰችው እህቴ ናት። ይመር ሻንጣዬን አውርዶ፣ «አላህ ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ እኔ ወደ ዲቾቶ ከተማ ልለፍ» አለ። ስሙን እንጂ አድራሻውን አልጠየቅኩትም። ዳግመኛ አላየሁትም።

ወደ ሸራው ስሄድ ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። ከስታለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል፣ ጆሮዋ አጠገብ ሽበት ወጥቷል። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ። መርፌውን አስቀመጠች።

«ወይዘሮ በላይነሽ» አለች። «ምን እግር ጣለዎት?»

ያሳደግኳት ልጅ «እርስዎ» ስትለኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታምሜ ነው።»

«ሎጊያ ለሕክምና ይመጣል እንዴ?»

የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። «ደሙ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ? ይበረታል? የዳሌ ሕመም አለዎት? ከስተዋል?» እያለች ጠየቀችኝ። እንደማንኛውም በሽተኛ መለስኩ። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና፣ «ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ እዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ» አለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ከሕፃናቱ ጋር በአፋርኛ እያወራች ስትስቅ ሰማኋት። ሳቋ አልተለወጠም።

ሎጊያ ያለችው ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ፋኖስ ነው። ፓስታ ቀቅላ አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን አልበላችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያን ቀን በሩ ሥር ቆመው ነበር። ትንፋሽዎን ሰምቻለሁ። የከለከለዎት ጋሼ ነው?»

ጋሼ የምትለው ባሌን ነው። ሞቷል፤ አዎ ብላት ማንም አያስተባብለኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሴም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። የዘሃራ ቧንቧ፣ የመኮንኑ ቢሮ፣ የዚያ ሁሉ መንገድ ድካም ውሸቱን ከውስጤ አሟጦት ነበር መሰለኝ።

«አይደለም» አልኳት። «እሱ ክፈቺላት ብሎኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ፊቷ ግን ልክ እንደተመታ ሰው ወደ ጎን ዞረ። «አሁን የመጣሽው ለይቅርታ ነው ወይስ ለደም?» አለች። «አንቺ» ማለቷን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

«ለደም። ለይቅርታ ድፍረቱ ቢኖረኝ በደህናዬ ጊዜ እመጣ ነበር።»

ተነሥታ ወጣች። ደጅ ባለው ጠፍር አልጋ ላይ ስትጋደም ጠፍሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። አልተመለሰችም።

ሐሙስ፦ ሎጊያ

ስነሳ ወደ ሥራ ሄዳለች። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በጨርቅ፣ ንጹሕ ጥጥና ፋሻ በሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ያህል ረዥም ጠዋት አላየሁም። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጣሪያው ይንጣጣል። ቤቴ ብሆን እሳት አንድጄ እቀመጥ ነበር፤ እዚህ እሳቱ ራሱ ከላይ ተደፍቶብኛል። መልሷ እንቢ እንደሆነ ቆርጬ አመንኩ። እንቢ ስትል ከማይ ሳላያት ልሂድ አልኩና ሻንጣዬን ይዤ አስፋልቱ ዳር ወጣሁ። ወደ አዋሽ የሚመለስ መኪና ቆመልኝ። ሹፌሩ በሩን ከፈተ። እግሬን መወጣጫው ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ሳልሰማ መሄድ እንደገና በር መዝጋት ሆነብኝ። «ይቅርታ፣ ሰው እጠብቃለሁ» ብዬ ወረድኩና ወደ ክፍሏ ደጅ ተመለስኩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘነበች መጣች። ሻንጣዬን ደጅ አየችው። ከጋውን ኪሷ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣች።

«የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥተውኛል። መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር፤ ለእህት ሕመም ፈቃድ የለም አሉኝ።»

«ታዲያ እንዴት ሰጡሽ?»

«እናቴ ናት ብዬ አጻፍኩ።»

እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ግን እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «ደስ እንዳይልሽ። ይቅር አላልኩሽም። ነገ እንነሳለን እንጂ ይቅር አላልኩሽም። ሁለቱን እንዳታምታቺው።»

«አላምታታም።»

ከዚያ ተቀመጠችና ሐኪሙ ተናግሮ ያልሰማሁትን ግማሹን አስረዳችኝ። ነቀርሳው ከማህፀን አልፎ ካልወጣ ማህፀኑን ማንሳት ሊያድን እንደሚችል፣ ወጥቶ ከሆነ ግን ያንን የሚያውቁት ሲከፍቱ እንደሆነ ነገረችኝ። አላሳመረችውም። እኔም አራት ወር ያፈንኩትን አወጣሁት፤ «ይህ ማህፀን ምንም ሳይሰጠኝ ሊገድለኝ» አልኩ። «ሃያ ሰባት ዓመት ትዳር፣ አንድ ልጅ እንኳ አልሰጠኝም፤ አሁን ነቀርሳ አበቀለልኝ።»

«ማህፀንሽ ጥፋተኛ አይደለም» አለች። «ታማሚ ነው። አትስደቢው።» እንዲህ ካለች በኋላ ገላዬን እንድታጠብ ውሃ ቀዳችልኝ።

ዓርብ፦ ከሎጊያ አዋሽ

በጭነት መኪና ሁለታችንም ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን። ኬላው ላይ ይለፌን ሲጠይቁ፣ ሳልጠየቅ ሕመሜን በስሙ ጠርቼ ተናገርኩ። ዘነበች ዞር ብላ አየችኝ። ገዋኔ አጠገብ ያችን የአፋር ሴት በዓይኔ ፈለግኩ፤ ፍየሎች አየሁ፣ እሷን ግን አላየሁም።

አዋሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ዘሃራ ዘነበችን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና፣ «ይለፉ ላይ ታመመች የተባልሽው አንቺ ነሽ? ወፈር ብትይ አይሻልም?» ብላ ሳቀች። ምስርና እንጀራ አቀረበችልን፤ ዓርብ መሆኑንም አልረሳችም። እየበላን ስለ ቀዶ ጥገናው ጠየቀች። ዘነበች አስረዳቻት።

«ደም ሰጪ ሁለት ያስፈልጋል ነው ያላችሁት። ሁለተኛው ማን ነው?»

እኔ ስለ እሱ ማሰብ ትቼው ነበር።

«እኔ አልሆንም?» አለች ዘሃራ።

«የሆቴል ሥራሽን ጥለሽ?» አልኳት። «ደግሞ የእኔና የአንቺ ደም ይገጥም እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«መግጠሙ ግድ አይደለም» አለች ዘነበች። «የሰጠሽው ለደም ባንኩ ይተካል፤ ለእሷ የሚስማማውን ይሰጧታል።»

«በቃ! ማክሰኞ በባቡር እመጣለሁ። ለእናቴ የምሰጣት ነገር ነበረኝ፤ አልጠየቀችኝም።»

ከልቧ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ሰው ራት ላይ ብዙ ይናገራል።

ቅዳሜ፦ ወደ ላይ

ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ ልብሳችንን መልሰን ደረብን። ናዝሬት ላይ ዘነበች እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሞጆ ደርሳ ስትነቃ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ መስኮቱንም ማየት ያዘች። እኔም ምንም እንዳልተሰማኝ ሆንኩ። ትከሻዬ ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሞቆ ቆየ።

የጉዞው ነገር እዚህ ያበቃል፤ መጨረሻውን ሳልናገር ግን አላቆምም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘሃራ በጥቁር ሻሽዋ፣ አንድ ጣሳ ማር ይዛ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ረቡዕ ማህፀኔን አወጡት። ነቀርሳው ከማህፀኔ አልፎ አልሄደም ነበር። ይህን የነገረኝ ሐኪሙ ሳይሆን ዘነበች ናት፤ ከሰመመን ስነቃ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ ደጋገመችልኝ። ፈቃዷን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ ቁስሌን ያጠበችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ደርግ ወደቀ፣ አገሩም ስንት ነገር ሆነ። ዘሃራ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ለቅሶዋ ላይ አዋሽ ወርጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ሕመሜንም መሸሸግ ተውኩ፤ ደም የታያት ሴት እቤቴ መጥታ ስትጠይቀኝ ይዣት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።

ዘነበች እስከ ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አንድ ጊዜ በደንብ አልቅሼ ከለመንኳት ወዲህ ደግሜ አልጠየቅኳትም። ግን በየዓመቱ የምርመራዬ ቀን ሲደርስ ከሎጊያ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ትመጣለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ውጤቱን እንጠብቃለን። ብዙ አናወራም። ስሜ ሲጠራ ግን ከእኔ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት።